ሳይወጋ የገባው ደብዳቤ

ባለፈው ሳምንት ከልጅ ልጄ ከትርንጎ ጋር ደጃፍ ተቀምጠን ከርከዴ ስንጠጣ ስልኳ ጮኸ። ጓደኛዋ «ፎቶሽን እይው» ብላ ፋይል ልካላታለች። ጣቷ ሊነካው ሲል እጇን ያዝኩት።

«መጀመሪያ ውጊው» አልኳት።

«እማማ፣ ስልክ ደግሞ እንደ ሰሊጥ ጆንያ ይወጋል?»

ይወጋል። ይህን ያስተማረኝ እዚሁ መተማ ውስጥ አንድ ከረባት ያሰረ ሰነፍ ነው።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። በልጅነቴ ተድሬ ሁለት ወልጃለሁ፤ ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። በገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ሰሊጥ አበጥራለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ቢሮውን እጠርጋለሁ። መጋዘኑ አንድ ሕግ ነበረው፤ መሐሉ በሹል ቦይ ብረት ተወግቶ፣ የወጣው ፍሬ በመዳፍ ሳይታይ የሚገባ ጆንያ የለም። ከላይ ንጹሕ ሰሊጥ፣ ከሥር አሸዋ የሆነ ስንት አይተናል። የወንድም ጆንያም ይወጋል፤ የሚቀየም አልነበረም።

ቢሮው ግን ሌላ አገር ነው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ምትኩ በዚያ የግንቦት ሙቀት ከረባቱን አጥብቆ፣ ኮምፒዩተሩን እንደ ታቦት በጨርቅ ሸፍኖ ይውላል። የገበሬውን ማሳ በየተራ የሚያርሰውን የማኅበሩን ትራክተር የተራ መዝገብ እዚያ ውስጥ ከትቶ ወረቀቱን «ዘመኑ አልፎበታል» ብሎ ቀደደው። ዝናብ ከጣለ በኋላ ዋልካው፣ ያ ጥቁር ጭቃ፣ ትራክተር ይውጣል። ተራው ያለፈበት ሰው የዓመት እህሉ አለፈው ማለት ነው። ባላቸው የሞቱባቸው እትዬ ዘነቡ ሦስተኛ ነበሩ።

አንድ ጠዋት ስጠርግ በምናውቀው ሰሊጥ ገዢ ስም ኢሜይል መጣ፤ አባሪ ፋይል አለው። ሊከፍተው ሲል ኮምፒዩተሩ ራሱ አደገኛ ነው ብሎ ከለከለው።

«ይሄ ጸረ ቫይረስ ሥራ አያሠራም» ብሎ አጠፋው።

«ሰውየው ስልክ አላቸው አይደል? ደውለው ቢጠይቋቸው?» አልኩ።

«አንቺ ወለልሽን ጥረጊ።»

ጠርጌ ወደ መጋዘኔ ሄድኩ። ምሳ ሳይደርስ ኮምፒዩተሩ አንድም ፋይል አልከፍትም አለ። በማግስቱ ተራቸውን ሊጠይቁ ለመጡት ገበሬዎች አቶ ምትኩ ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? «ጽዳቷ በእርጥብ ጨርቅ ነክታ አበላሸችው።» ከሥራም አባረረኝ። እትዬ ዘነቡ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ምን አደረግሽኝ?» አሉ። ያ ቃላቸው ዛሬም ያመኛል።

ቤቴ አልሄድኩም። ባለሙያ ከጎንደር እስኪመጣ አራት ቀን ቢሮው በር ላይ ተቀመጥኩ። ባለሙያው ልጅ የመንገድ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ ኮምፒዩተሩን አየውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በአባሪው የገባ ቫይረስ ነው፣ ፋይሎቹን ቆልፏቸዋል። ጸረ ቫይረሱን ማን አጠፋው? ሌላ ቦታ ቅጂ አላስቀመጣችሁም?» አለ።

«ወንድሜ፣ ይህንኑ ውጭ ወጥተህ ለገበሬዎቹ ንገራቸው» አልኩት።

አቶ ምትኩን አየ። እኔ በሩን ይዤ ቆሜያለሁ። ወጥቶ ተናገረ።

ከሽንፋ የመጡ አንድ አዛውንት «አቶ ምትኩ፣ እኛ የአማታችንን ጆንያ እንኳ እንወጋለን። እርስዎ ብረቱን ይጥሉታል?» አሉ።

ከዚያ በኋላ ዛፍ ሥር ተቀምጠን እያንዳንዱ ገበሬ የራሱንና ከፊቱ ያለውን ሰው ተራ ተናገረ፤ እኔ ጻፍኩ። መዝገቡ ከሰው አፍ ተመለሰ። ያልነበረውን አንደኛነት የጠየቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የአቶ ምትኩ አማች። የእትዬ ዘነቡ ማሳ በሦስተኛው ተራ ታረሰ። እኔም ወደ ሥራዬ ተመልሼ መጥረጊያዬን አነሳሁ።

ትርንጎ ይህን ሰምታ ለጓደኛዋ ደወለች። ልጅቷ ምንም አልላከችም፤ ቴሌግራሟን ሌላ ሰው ጠልፎታል። ትርንጎም ፋይሉን ሳትከፍት አጠፋችው።

መታለል በማንም ይደርሳል፤ ነገ በእኔም ሊደርስ ይችላል። አቶ ምትኩ ዛሬ ሸምግሎ ሰው ያስታርቃል አሉ። ቅዳሜ ገበያ አግኝቶኝ፣ ሳልጠይቀው «ያኔ እኮ መብራቱ እየተቆራረጠ ነው ያበላሸብን» አለኝ።

«መብራቱ ነው እንዴ?» አልኩት። «እኔ እርጥብ ጨርቅ መስሎኝ።»