አስነሳልኝ

ሰውየው ጀነሬተር ጠጋኝ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ጀነሬተርና የውሃ ፓምፕ ገመድ ሲጎትት ስለኖረ ቀኝ ክንዱ ከግራው ወፈር ይላል፤ ሸሚዝ ሲገዛም መጀመሪያ የሚለካው ቀኙን ነው። ሚስቱ መነጽር ቤት ሌንስ ትቆርጣለች። እሱ በመዶሻ የሚያባብለውን ነገር እሷ በጥፍሯ ጫፍ ትጨርሰዋለች። ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ድረው ከሸኙ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎባቸው ነበር። ጭርታውን የሰበረችው አንዲት በሪሞት የምትነዳ የጭነት መኪና ናት።

አሻንጉሊት ናት የሚል ካለ ከሚስትየዋ ጋር ይጣላል። ቁመቷ የጫማ ካርቶን ያህል ቢሆንም ሞተሯ የእውነት ሞተር ነው፤ እንቁላል አክሎ፣ ናይትሮ የሚባል ነዳጅ እየጠጣ፣ እያጓራና እያጨሰ ይሠራል። የሴትየዋ ታናሽ ወንድም ሰልችታው ትቶላት ሄደ፤ እሷ በአርባ ዘጠኝ ዓመቷ ፍቅር ያዛት። እሁድ እሁድ ጠዋት ከተዘጋው የጡብ ፋብሪካ ጀርባ፣ መሃሉ የአፈር ጉብታ ባለበት ሜዳ ላይ ስድስት ሰባት ወንዶች የየራሳቸውን መኪና ይዘው ይሰበሰባሉ። ከመካከላቸው ሴት እሷ ብቻ ናት።

ሞተሩ የሚነሳው ከኋላው በምትወጣ አጭር ገመድ ነበር። ነዳጁን የሚለኩሰውን ካንዴላ በትንሽ ባትሪ ያግሉታል፣ ከዚያ ገመዱን ሳብ። አብዝተው ከሳቡት ይበጠሳል፣ ከፈሩት ደግሞ ሞተሩ ይስቅባቸዋል። ሴትየዋ ሁለት ሦስት ጊዜ ትስብና ቀና ብላ፣

"ና፣ አስነሳልኝ!" ትላለች።

ባል ሆዬ ፒክአፑ ውስጥ ተቀምጦ በሬዲዮ ኳስ ያዳምጣል። ጥሪው ሲመጣ ወዲያው አይነሳም፤ ትንሽ ይቆያል። ከዚያ ሁሉም እያየው ሜዳውን አቋርጦ ይሄዳል፣ ይንበረከካል፣ ሁለት ጊዜ ይስባል፣ ሞተሩ ይነሳል። ሰዎቹ "አስነሺው" ብለው ስም አወጡለት። ሥራውን ሲጨርስ እጁን እያራገፈ ወደ ኳሱ ይመለሳል። የሳምንቱ ሞገስ ያቺ እርምጃ ነበረች፤ ለሠርጉ ቀን እንኳ እንደዚያ ደረቱን ነፍቶ አልተራመደም።

አሁን ደግሞ ለማንም የማይናገረውን እንናገርበት። ያቺ ሞተር ለመነሳት አስቸጋሪ አልነበረችም። ቅዳሜ ከሰዓት ሚስቱ ልብስ ስታሰጣ፣ ሰውየው ዕቃ ቤት ገብቶ የነዳጇን ብሎን በሩብ ዙር ይከፍታታል። ነዳጅ ሲበዛባት ትስላለች እንጂ አትነሳም። እሁድ ሲጠራ ጀርባውን ለሰዎቹ ሰጥቶ ይንበረከክና ብሎኗን በጥፍሩ መልሶ ይዘጋል፤ ከዚያ ገመዱን ይስባል። አራት ዓመት እንዲህ ኖረ። ኃጢአት መስሎ ታይቶትም አያውቅም። ማን ተጎዳ? ሚስት ባሏን ብትጠራ ነውሩ ምንድነው?

አንድ ሐሙስ ራት ላይ ሚስቱ ዳቦ እየቆረሰች፣ "ሽቦ ሞተሪኖ አመጣልኝ። ገመዱን አውጥተን እሱን ልንገጥም ነው" አለችው።

ሽቦ የሰፈሩ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው፤ ከቅጥነቱ የተነሳ ሽቦ ተብሎ ቀረ፣ የእውነት ስሙን የሚያስታውስ የለም።

"ገመዱ ምን ሆነ?" አለ ባል።

"ምንም አልሆነ።"

"ታዲያ?"

"ቁልፍ ተጭኜ ማስነሳት አማረኝ።"

"እኔስ?" ሊል ነበር፤ ከዳቦው ጋር ዋጠው።

አርብ ቀኑን ሙሉ አንድ የውሃ ፓምፕ ፈትቶ ሲገጥም ዋለና ማታ ሲቆጥር ሁለት ብሎን ተርፎት ተገኘ። ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገዱን ቀይሮ በሽቦ ሱቅ በር አለፈ። የልጁ ፀጉር እንዲህ የሚያብረቀርቀው ከመቼ ወዲህ ነው? ባለፈው ሳምንት ሚስቱ እዚህ ሱቅ ውስጥ ስትስቅ ሰምቷል፤ ያን ጊዜ ምንም አልመሰለውም ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ግን ልቡን ጠጋ ብሎ የጠየቀው ሰው ቢኖር፣ የሚያቃጥለው ሽቦ አይደለም፤ ሞተሪኖው ነው። ከእንግዲህ ማን "ና" ይለዋል? በሰው የቀና ሽማግሌ ይቀመጥለታል፤ በባትሪ ለቀና ምን ተብሎ ሽማግሌ ይላካል?

ቅዳሜ ሽቦ ቦርሳውን አንጠልጥሎ መጣ። ምግብ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ተነጠፈ፣ መኪናዋ በጀርባዋ ተኛች፣ የሚስቱና የሽቦ ጭንቅላት ሞተሩ ላይ ተገናኘ። ባልየው በሩ ላይ ቆመ። ልቀመጥ ቢል ወንበሩ የሚቆረቁረው መሰለው።

"ጋሼ፣ እስቲ ያቺን ካቻቢቴ ያቀብሉኝ" አለ ሽቦ ቀና ሳይል።

አቀበለው። በገዛ ቤቱ ረዳት ሆነ።

አራቱ ብሎኖች ተፈቱና ገመዱ ከነሽፋኑ ወጣ። በቦታው መሃሉ ክፍት የሆነ አዲስ ሽፋን ሊገባ ነው። በዚያ ቀዳዳ በእጅ የሚያዝ፣ ባትሪ የጎረሰ ሞተሪኖ ዘንጉን ይሰዳል፤ ቁልፉን ሲጫኑት ሞተሩን ያዞረዋል። በመሃል ደግሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ኩሽኔታ አለ። ሽቦ ኩሽኔታዋን ገልብጦ ከተታት።

ጀነሬተር ጠጋኙ አየ። እንዲህ ከገባች ሞተሪኖው በከንቱ ይሽከረከራል እንጂ ሞተሩን አይነካውም። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። "ዝም አይነቅዝም" አለና ብሎኖቹን አንድ በአንድ አቀበለ። ደስም አለው፣ ምን ይደበቃል። ነገ ሚስቱ ቁልፉን ስትጫን፣ ዕቃው ባዶውን ሲያጓራ፣ እሷም ቀና ብላ ስትጠራው ታየው። የሚጎትተው ገመድ ከጠረጴዛው ሥር እንደ ወደቀ ትዝ አላለውም። ቅናት እስከዚያ ድረስ አያስብም።

ሴትየዋ ግን ሽፋኑን ከመዝጋታቸው በፊት ከሽቦ እጅ ወሰደችና እንደ ሌንስ ወደ ብርሃን አነሳችው።

"ተገልብጣለች" አለች። ኩሽኔታዋን አወጣች፣ አዙራ ከተተቻት። ከዚያ ዓይኗን የጣለችው በሽቦ ላይ ሳይሆን በባሏ ላይ ነው። "አላየሃትም?"

"የቷን?"

"እሺ" ብላ ሽፋኑን ዘጋች።

ሽቦን ልትሸኝ ስትወጣ ሰውየው ዕቃ ቤት ድረስ እንኳ አልሄደም። እዚያው ጠረጴዛው ላይ የነዳጇን ብሎን ከፈታት፤ በሩብ ፈንታ በግማሽ ዙር።

እሁድ ሬዲዮውን አልከፈተም። የፒክአፑን መስኮት አውርዶ፣ ጆሮውን አቁሞ ተቀመጠ። ሚስቱ ተንበረከከች። ካንዴላውን አጋለች። ከዚያ ከመነጽር ቤት የምታመጣትን ቀጭን ካቻቢቴ ከኪሷ አወጣች፣ ሞተሩ ላይ አንዲት ነገር አዞረች፣ ሞተሪኖውን ሰክታ ቁልፉን ተጫነች። ግርርር አለና ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሳ።

ሰዎቹ አጨበጨቡ። አንዱ ወደ ፒክአፑ ዞሮ፣ "አስነሺው ጡረታ ወጣ!" አለ። ሁሉም ሳቀ። ሰውየው ከአንገት በላይ ሳቀላቸው፤ ውስጡ ግን ከሰል ሆኗል።

ሚስቱ መኪናዋን እዚያው እንዳጓራች ትታ፣ ሪሞቱን እንደ ያዘች ወደ መስኮቱ መጣች።

"ሁልጊዜ ሩብ ነበር" አለችው። "ትናንት ግማሽ አደረግከው።"

እጅ ከፍንጅ ተያዘ። አንድ ዲግሪ ተዛንፏል ብላ የሰው ሌንስ የምትመልስ ሴት፣ የሩብ ዙር ብሎን አታይም ብሎ አራት ዓመት መኖሩ አሁን ገና ገረመው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?"

"ከመጀመሪያው ወር።"

"ለምን ዝም አልሽ ታዲያ?"

"ካልጠራሁህ አትመጣማ። መጥሪያ ሰጠኸኝ፣ ጠራሁህ። ብሎኑን ዘግቼ ገመዱን መሳብ አቅቶኝ መሰለህ?"

"እና ይሄ ሞተሪኖ ምንድነው? ይሄ ሽቦስ..."

"ሽቦ ምን አገባው?" ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ከፍ ቢል ይሻለው ነበር። "ትመጣለህ፣ ትጎትታለህ፣ ይጨበጨብልሃል፣ ጀርባህን ሰጥተኸኝ ትመለሳለህ። አራት ዓመት ስነዳ አንድ ቀን ቆመህ አላየኸኝም። ሳልጠራህ ትመጣ ይሆን ብዬ ነው ያስገጠምኩት።"

ተመለሰች፣ መኪናዋም አቧራውን እያስነሳች ሜዳውን ዞረች።

ሰውየው እጁን በሩ ላይ አድርጎ ቆየ። መናደድ ፈልጎ ነበር፤ የሚናደድበት ሰው ሲፈልግ ከራሱ በቀር አጣ። ወረደ። ማንም ሳይጠራው ሜዳውን አቋርጦ፣ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት፣ ባዶ ያገኘው ቦታ ላይ ከአፈር ጉብታው ፊት ለፊት ቆመ።

ከሰዎቹ አንዱ እጁን ይዞ ሳብ አደረገው። "ጋሼ፣ እዚህ አይቁሙ" አለው በትሕትና። "መኪናዋ ከጉብታው ስትዘል ሁልጊዜ የምታርፈው እዚህ ነው።"

ዞር ብሎ ሰዎቹን አየ። ሁሉም ከዚያ ቦታ ራቅ ብለው ቆመዋል፤ የማያውቀው እሱ ብቻ ነበር።