ማስተርጎም ያቆምኩበት ዕርቅ

ዛሬ ጠዋት በረንዳዬ ላይ ፉል እየበላሁ ሬዲዮ ከፈትኩ። ጦርነት ያደቀቃት የአንዲት አገር ተደራዳሪዎች እንደገና ተበትነዋል። ለየብቻ ክፍል ዘግተው፣ በአደራዳሪ መልእክት ሲላላኩ ሰንብተው አልተግባቡም አሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ይህን ጨዋታ አውቀዋለሁ።

ሃያ ዓመቴ ነበር። ከድሬዳዋ ውጭ ሁለት መንደሮች ተታኩሰው ከሁለቱም ሰው ሞተ፤ መንገዱም ተዘጋ። የጭነት መኪና ሹፌር የነበረው ታላቅ ወንድሜ ከድር መሀል ላይ ደረሰ። አንደኛው ወገን የሌላው ሰላይ ነህ ብሎ ያዘው። ዕርቅ ሳይወርድ አይለቀቅም ተባለ። እናቴ እህል መቅመስ ተወች።

ሽምግልናው ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ግቢ ውስጥ፣ በቀይ አበባ በተሸፈነ የድሬዳዋ ዛፍ ሥር ተጠራ። የግንቦት ሙቀት ራስ ያዞራል። በአንድ ወገን ኦሮምኛ ተናጋሪው አባባ ሙሜ፣ በሌላው አዴር፣ ማለትም አጎት፣ እያልን የምንጠራቸው ሶማሊኛ ተናጋሪው ፋራህ ተቀመጡ። ሁለቱንም ቋንቋ ስለምችል አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ። ጉዱ ምን መሰላችሁ? ሽማግሌዎቹ ሠላሳ ዓመት ግመል ሲሻሻጡ የኖሩ ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ቋንቋ አሳምሮ ይሰማል። ግን ደም ከፈሰሰ ወዲህ በባላንጣ ቋንቋ መናገር እንደ መሸነፍ ተቆጠረ። አዴር ፋራህ ሲናገሩ አባባ ሙሜ ፊታቸው ይለዋወጥና ወደ እኔ ዞረው "ምን አለ?" ይላሉ። እኔ እስክጨርስ መልሳቸውን ያከርሩታል።

ሁለት ቀን ማን ቀድሞ ተኮሰ፣ ማን ቀድሞ ይካስ ሲባባሉ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን አዴር ፋራህ ድምፃቸው እየተቆራረጠ ልጃቸውን እንዴት እንደቀበሩ ተናገሩ። የአባባ ሙሜ ዓይን እንባ ሞላ። እሳቸው ግን እንደ ልማዳቸው ዞሩብኝ። "ምን አለ?"

አቦ፣ ደሜ ፈላ። ብድግ አልኩ።

"አላስተረጉምም። ሰምተውታል አባባ። እንባዎን ማን አስተረጎመልዎ?"

ሴት ልጅ፣ ያውም በሽማግሌ ፊት! አብሮኝ የመጣው አጎቴ ቀሚሴን ጎትቶ ሊያስቀምጠኝ ሞከረ። ወንድሜን አስገደልኩት ብዬ ፈራሁ፤ አፌን ግን በሻሼ ሸፍኜ እምቢ አልኩ። ከዚያ አባባ ሙሜ መሬት መሬቱን እያዩ፣ በሶማሊኛ፣ "እኔም ቀብሬያለሁ" አሉ።

መንገዱ በሳምንቱ ተከፈተ። ከድር ከስቶ፣ መኪናው ተቃጥሎ፣ በእግሩ መጣ። ዕርቁ ለዘላለም አልቆየም፤ በኋላም ተጣልተው፣ ደግመው ታርቀዋል። ታዲያ ቢደገምስ? "ነገሩ ውስብስብ ነው" የሚሉኝን ዛሬም አልሰማቸውም። መጀመሪያ እንዳልሰማ መሆኑን ይተዉ።

ከድር፣ ሽበታሙ ወንድሜ፣ ከፊቴ ተቀምጦ ፉሌን ይሻማኛል።

"ምን አለ ሬዲዮው?" አለኝ።

"ሰምተሃል" አልኩት።