ችግኝ ነቃይዋ ሆሳዕና

ሆሳዕና ደረሳን ዛሬ ነቀምት ውስጥ «አክቲቪስቷ» ይሏታል፤ ግማሹ ለማሞገስ፣ ግማሹ ለመስደብ። ከቢላ ከተማ ድረስ እየመጡ «ምንጫችንን እይልን» የሚሏት ወጣቶችም አሉ። እሷ ግን ስሙን አትወደውም። ሰው ሥልጠና ወስዳ፣ ቲሸርት ተሰጥቷት፣ አዳራሽ ሙሉ ተጨብጭቦላት የገባችበት ይመስለዋል። የምን ጭብጨባ! ልጅቷን እዚህ ያደረሳት ንዴት ነው። ንዴቱም የመጣው ከሩቅ አይደለም፤ ከገዛ ቤተ ክርስቲያኗ፣ ያውም በጸሎት ሳምንት ነው።

ከነቀምቱ ቡርቃ ጃቶ ወረድ ብሎ ባለው ሰፈሯ አንድ ምንጭ አለ። ቧንቧው ሲያሰኘው ይመጣል፣ ሲያሰኘው ይጠፋል፤ ምንጩ ግን በጋ ከክረምት ሰፈሩን ሲያጠጣ የኖረ ነው። አናቱ ላይ ማን እንደተከለው የማይታወቅ ትልቅ ዋርካ ነበር። ድሮ አሮጊቶች እርጥብ ሳር ይዘው እየሄዱ ግንዱን ቅቤ ይቀቡት ነበር አሉ። አሮጊቶቹ ካለፉ ቆዩ፤ ልጆቻቸውም ወንጌል ተቀብለዋል፤ ቅቤውም ቢሆን ዛሬ ለወጥ እንኳ ጠፍቷል። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ግን ዋርካውን ባዩ ቁጥር የአያቶቻቸው አምልኮ ተመልሶ የሚመጣ ይመስላቸዋል። እናም ተሰብስበው ይቆረጥ አሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሆሳዕና አባት፣ ጡረተኛው መምህር ኦቦ ደረሳ ነበሩ።

ዋርካው በሞተር መጋዝ ሲገዘገዝ ኳየሩ እዚያው ቆሞ ዘመረ። ሆሳዕናም አለችበት፤ ድምፅዋ ያምራልና ከፊት አቁመዋት ነበር። ዛፉ ሲወድቅ እልል ብላለች። ይህ ትዝ ሲላት ዛሬም በራሷ ትናደዳለች።

ብዙም ሳይቆይ ምንጩ መንጠባጠብ ጀመረ። በበጋው መንገዱን ቢጫ ጀሪካን ሞላው። ድሮ ሮጥ ብለው ቀድተው የሚመለሱ ሴቶች ከንጋት እስከ ረፋድ ተገትረው መዋል ሆነ ሥራቸው። ውሃው ያልደረሳት ቁልቁል ወንዝ ትወርዳለች፤ ጀሪካን አዝሎ ያንን ዳገት መውጣት ደግሞ ወገብ ይቆርጣል። የሆሳዕና እናት አዴ ዘርፈሽ ወገባቸውን የታመሙት ያኔ ነው።

አንድ ጠዋት ወረፋው ላይ ኸይሪያ አጠገቧ ቆመች። ኸይሪያ ከጉራጌ አገር መጥተው የከተሙ ነጋዴዎች ልጅ ናት፤ እዚያው ሰፈር ሱቅ አላት። ሰው ሁሉ ሲያማርር እሷ ረጋ ብላ ተናገረች።

«ሆሲ፣ እናንተ ለአምላካችሁ ብላችሁ ቆረጣችሁ፤ ይሁን። ግን ወላሂ፣ ውሃው የእኔም ነበር። እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ሆሳዕናን ብትሰድባት ይሻላት ነበር። ቤቷ ገብታም ነገሩ እህል አላስበላት አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እኛ እኮ የጎረቤቶቻችንን ብብት ነው ያራገፍነው ስትል ደሟ ፈላ።

ግብርና ጽሕፈት ቤት የምትሠራ የትምህርት ቤት ጓደኛ አለቻት። እሷን ስትጠይቅ፣ የምንጩን አናት አጥሮ ከብት ከከለከሉትና ዶቅማና ዋንዛን የመሰለ ያገር ዛፍ ከተከሉበት ከጊዜ በኋላ ሊያገግም እንደሚችል ነገረቻት። ይህን ይዛ ሽማግሌዎቹ ፊት ቀረበች። በትሕትና ነው የቀረበችው፤ ያኔ ገና ትሕትና ነበራት። ሰምተዋት ሲያበቁ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ኦቦ ጂሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ያገር ዛፍ ሲያረጅ ይመለካል» አሉ። «ባህር ዛፍን ግን ማንም ቅቤ ቀብቶት አያውቅም።»

ጉድ በሉ! ሁሉም እውነት ነው፣ እውነት ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቶሎ ያድጋል፣ ለአዲሱ አዳራሽም እንጨት ይሆነናል ተባለና ባህር ዛፍ ምንጩ አናት ላይ ተደረደረ። ባህር ዛፍ ሥር በቆሎ እንደማይሆን የማያውቅ የወለጋ ገበሬ የለም። ኦቦ ጂሩም የገበሬ ልጅ ናቸው፤ አሳምረው ያውቃሉ። ግን የሞቱ አሮጊቶችን ቅቤ ከጥማት አብልጠው ፈሩ። ኦቦ ደረሳም እጃቸውን አውጥተው ደገፉ።

በጋው ሲከር ደግሞ የሳምንት ጾምና ጸሎት ታወጀ። ስለ ምን? ስለ ውሃ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። መዝሙሩን ሆሳዕና እንድትመራ ታዘዘች። ማይክራፎኑን ተቀበለች፤ አልዘመረችም።

«እግዚአብሔር ውሃ ሰጥቶን ነበር» አለች። «እኛ ዘምረን ቆረጥነው። እኔም ዘምሬያለሁ። የቀረችውን ጠብታ የሚመጥ ተክለን ደግሞ አሁን ስጠን እንለዋለን። አናፍርም?»

ማይክራፎኑ ተዘጋ። ከሴቶቹ ወንበር በኩል አንዲት እናት በኦሮምኛ «ዱጋ ዳ»፣ እውነቷን ነው፣ ስትል ተሰማች። ሆሳዕና ከኳየሩ ታገደች። ኦቦ ደረሳ ቀድመዋት ወደ ቤት ሄዱ፤ ማታም ፊታቸውን አዙረው ተኙ።

ታገደች እንጂ መቼ በረደላት! በማግስቱ ኸይሪያን ይዛ ወጣችና የባህር ዛፉን ችግኝ አንድ ሳያስቀሩ ከነሥሩ መነገሉት። ተሸክማውም ሄዳ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ከመረችው። ኸይሪያ ሱቄን ያሳሽጉብኛል ብላ ፈርታ ነበር፤ ግን እየፈራችም ነቀለች።

ከዚያማ ምን ይጠየቃል፣ ሽማግሌዎቹ ቀበሌ ከሰሷት። «ችግኝ ነቃይ» አሏት። ዋርካ የጣሉ ሰዎች እሷን የአረንጓዴ ጠላት ብለው ሲከሷት ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ። ከከሳሾቹ መካከል አባቷ ተቀምጠዋል። የቀበሌው ሊቀመንበር ነገር እንዲበርድ የፈለገ ሰው ነው፤ ይቅርታ ጠይቃ ችግኙን መልሳ ብትተክል ጉዳዩ እዚሁ ያልቃል አለ። ኦቦ ደረሳ ወደ ልጃቸው ዘንበል አሉ።

«ኢንታላኮ፣ ማሎ» አሏት፤ ልጄ፣ እባክሽ ማለታቸው ነው። «ይቅርታ በዪና ወደ ቤታችን እንሂድ።»

ድምፃቸው ሲለሰልስ ልቧ ሊከዳት ነበር። የእናቷ ወገብ ትዝ አላት።

«አባ፣ ዛሬ ጠዋት ፊትዎን የታጠቡበት ውሃ ከየት መጣ?»

«ከቤት ነዋ።»

«እቤት ማን አመጣው?»

«እናትሽ ናታ።»

«እሷስ ከየት አመጣችው?»

ኦቦ ደረሳ አያውቁም። ከምንጩ ይሁን ከወንዙ፣ ስንቴ ወድቃ ተነስታ ይሁን፣ አንድ ቀን ጠይቀው አያውቁም። ሆሳዕና ወደ ኦቦ ጂሩ ዞራ ያንኑ ጠየቀቻቸው፤ እሳቸው መስኮቱን አዩ።

«አንድ ቀን እንኳ ወረፋ ሳትቆሙ ስለ ምንጩ ወሰናችሁ» አለች። «ይቅርታ የምጠይቀው ወረፋው ላይ ያሉትን ነው። እናንተን ግን ይቅርታ አልጠይቅም።»

ሊቀመንበሩ ነገሩን ለሌላ ቀን ቀጠረው። ኦቦ ደረሳ ክሱን ሳይተዉ ኮፍያቸውን ደፍተው ወጡ።

በማግስቱ ሆሳዕና ምንጩ አናት ላይ ጉድጓድ ትቆፍራለች፤ ኸይሪያ የዶቅማ ችግኝ ታቀብላታለች። ቀና ስትል አባቷን አየች። የእሁድ ኮታቸውን ለብሰው ባዶ ጀሪካን አንጠልጥለዋል። ወረፋው ላይ ያሉት ሴቶች ደነገጡ፤ ኖር ኦቦ ደረሳ፣ እርስዎ ይቅደሙ እያሉ መንገድ ለቀቁላቸው። ሽማግሌ አይደሉ? እሳቸውም ልማድ ነውና ወደ ፊት አለፉ።

ሆሳዕና ዶማዋን ጥላ ወረደች። አላመሰገነቻቸውም፤ ጉልበታቸውንም አልሳመችም። ንዴቷ አልወጣላትም ነበር።

«ከኋላ ነው፣ አባ» አለችና በጭቃ እጇ የወረፋውን መጨረሻ አሳየቻቸው።

ሴቶቹ አቀረቀሩ። ኦቦ ደረሳ ወደ ኋላ ተመልሰው ቆሙ። ፀሐዩ በረታ፤ ኮታቸውን አውልቀው ክንዳቸው ላይ ጣሉት። ወረፋው ሊደርሳቸው ሲል ምንጩ ጠብታውን ጨረሰ። ያልደረሳቸው ሴቶች ጀሪካናቸውን አዝለው ወደ ወንዙ ሲያመሩ፣ ኦቦ ደረሳ ጥቂት ቆሙና የራሳቸውን አንስተው ተከትለዋቸው ቁልቁል ወረዱ።