አማቴ አንደኛ፣ አባቴ አራተኛ

ቤዝቦል ሲጫወቱ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ጂንካ ውስጥም ጨዋታውን አውቃለሁ የሚል ሰው አልገጠመኝም። እኔ ያደግሁበት ሜዳ፣ ከከተማው መሃል የነበረው የአውሮፕላን ማረፊያ፣ ለእኛ የእግር ኳስ ሜዳ ነበር። አውሮፕላን በሚመጣበት ቀን ልጆችና ከብቶች አብረን እንባረራለን፤ ሲሄድ አብረን እንመለሳለን። ስለዚህ ሰው «ይህን ጨዋታ ከየት አመጣሽው?» ሲለኝ ከሥራ ነው ብዬ እመልሳለሁ፤ እውነቱም ያው ነው።

የሒሳብ መምህርት ነኝ። አንድ ዓመት ፕሮባብሊቲ ሳስተምር፣ ሁለት ዳይስ ሲጣል ድምሩ ሰባት የሚበዛው ለምን እንደሆነ ተማሪዎቼ አልገባ አላቸው። ከሉዶ መጫወቻ ዳይሶቹን አምጥቼ ክፍል ውስጥ አስጣልኳቸው፤ ገባቸው። ሌላ ምሳሌ ፍለጋ በስልኬ ኢንተርኔት ውስጥ ስዞር ነው በዳይስ የሚጫወቱትን የጠረጴዛ ቤዝቦል ያገኘሁት። ቤዝቦል አንዱ ኳስ ወርውሮ ሌላው በዱላ የሚመታበት የአሜሪካኖች ጨዋታ ነው። በጠረጴዛው ላይ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ካርድ አለው። ዳይሱ ይጣላል፤ የወጣው ቁጥር ካርዱ ላይ ይታያል፤ ካርዱ ሰውየው መታ ወይም ሳተ ብሎ ይናገራል። ለብርቱ መቺ መልካሙ ቁጥር ይበዛለታል፣ ለደካማው ያንሰዋል። ግን ብርቱውም ሁልጊዜ አይመታም፣ ደካማውም ሁልጊዜ አይስትም። የያዘኝ ይኼ ነው። የሰው ጠባይና የሰው ዕድል አንድ ወረቀት ላይ ተቀላቅለው አየሁ።

ጨዋታውን በኢንተርኔት የሚጫወቱ ሰዎች ማኅበር አላቸው። እኔም ገባሁ። ደጋግሞ የሚገጥመኝ ጡረታ የወጣ አሜሪካዊ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። በልጅነቱ ከወንድሙ ጋር ይጫወት ነበር። ወንድሙ ሲሞት ካርዶቹን ሳጥን ውስጥ ከቷቸው ኖሮ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ የሚጫወተው ሰው በኢንተርኔት ሲያገኝ መልሶ አወጣቸው። ቅዳሜ ለእሱ ሲነጋ ለእኔ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ይሆናል። እሱ ዳይሱን ካሜራው ፊት ይጥላል፤ እኔም እጥላለሁ። ኔትወርክ ሲደክም ምስሉ ይጠፋና «አምስትና ሁለት» ብሎ ጽፎ ይልክልኛል። ባላየሁት እጅ የተጣለን ዳይስ ማመን መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር። በኋላ ለመድኩት፤ እሱም የእኔን ለመደ።

አንድ ወቅት ላይ ማኅበሩ አዲስ ሐሳብ አመጣ፤ እያንዳንዳችን ከምናውቃቸው ሰዎች ቡድን እንድንሠራ። ካርዱን የምንጽፈው እኛው ነን። ደንቡ ሁሉንም ጎበዝ ማድረግ ይከለክላል፤ ለአንዱ ጉልበት ከሰጠን ከትዕግሥቱ እንቀንሳለን። ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን መምረጥ ጀመርን። እሱ ነርስ ስለሆነ ሰው ሲጨንቀው ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ለሩጫ ወደ ቀይ አፈር ከተማ የሚመላለሰውን የሚኒባስ ሹፌር አስገባን። ካኮ ገበያ ማር የምትሸጥልንን ሴትዮ ኳስ ወርዋሪ አደረግናት።

«ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም» አለ ባለቤቴ። «ምን ልትወረውር እንደሆነ ማን ያውቃል?»

እንዲህ እያልን ሄደን መጨረሻ ላይ ሁለት ቦታ ቀረን።

«አባትሽ» አለ በመጨረሻ።

«አባትህም» አልኩት።

አባቴ ከመሃል አገር መጥቶ ጂንካ ሱቅ የከፈተ ኦርቶዶክስ ነጋዴ ነው። ደርግ ሲወድቅ እኔ ገና በእናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ፤ እሱ ግን የዚያን ጊዜም የጨውና የሳሙና ጭነት ይዞ ይመላለስ ነበር። ወይጦ ወንዝ ላይ ጎርፍ መንገዱን ሲቆርጠው ኩንታሉን በትከሻው እያወረደ ያሻገረ ሰው ነው። አማቴ ደግሞ ከጂንካ ወጣ ብሎ ያለ የአሪ ገበሬ ናቸው፤ ፕሮቴስታንት፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ የማይቸኩሉ። ልጃቸው ሊያገባኝ ሽማግሌ በተላከ ጊዜ ራሳቸውም አብረው መጡ። አባቴ ፊቱን ከስክሶ ስለ ሃይማኖት ልዩነት ብዙ ተናገረ። አማቴ እስኪጨርስ ጠበቁና፣

«አንተ ልጅ አለህ፤ እኔም ልጅ አለኝ። ምን ያጣላናል?» አሉት።

እኔ ከጓዳ ሆኜ ስሰማ ከዚህ የተሻለ ንግግር አልነበረም። አባቴ ግን ከሁሉም የሰማው የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ነው። አማቴ አማርኛን የተማሩት ገበያ ላይ ነው፤ በእሳቸው አማርኛ ውስጥ «አንቱ» የለም። ለአስተዳዳሪውም፣ ለሕፃኑም፣ ለፓስተሩም «አንተ» ነው። ይህን ለአባቴ ስንት ጊዜ አስረዳሁት። ጋብቻውን ፈቀደ፣ ሰርጋችንንም ደገሰ፤ ከዚያ በኋላ ግን አማቴን ባገኘ ቁጥር ቃሉን እየረገጠ «እንደምን ሰነበቱ? እርስዎ ደህና ነዎት?» ይላቸዋል። ሊያስተምራቸው ነው። እሳቸውም «ደህና ነኝ፤ አንተስ?» ይሉታል። ዓመታት እንዲህ አለፉ። ልጆቻችን ሲወለዱ እንኳ አንዱ የሚመጣው ሌላው መሄዱን አረጋግጦ ነበር።

ካርዳቸውን ስጽፍ ብዙ አሰብኩ። ለአባቴ ጉልበት ሰጠሁት፤ ከመታ ሩቅ ይመታል። ግን ያየውን ሁሉ ለመምታት ይሰነዝራል፤ በንግዱም እንደዚያው ነው። ለአማቴ ዓይን ሰጠኋቸው። በዚህ ጨዋታ ወርዋሪው ኳሷን ሲያበላሽ መቺው እጁን ሰብስቦ ካሳለፋት፣ ያ አራት ጊዜ ሲደጋገም በነፃ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ ይሄዳል። ይህ ትዕግሥት ይፈልጋል። አማቴ በቆሎ ሲደርስ ጦጣና ዝንጀሮ የሚጠብቁት በወንጭፍ ነው፤ እንስሳው እስኪቀርብ ድረስ ድንጋይ አያባክኑም። እንዲህ ያለ ሰው መጀመሪያ እንዲመታ ይደረጋል። ብርቱው አራተኛ ይሆናል፤ ከፊቱ የወጡትን ሁሉ አንድ ላይ ወደ ቤት እንዲያስገባ። ማረፊያዎቹን ዞሮ «ቤት» ወደሚሉት መነሻ የተመለሰ ሁሉ ነጥብ ነው። ለሚያውቀው ሰው አራተኛነት ትልቅ ክብር ነው።

አማቴ ቅዳሜ ገበያ ሲመጡ እኛ ቤት ያርፋሉ። አንድ ቀን ካርዶቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ አገኙኝ። ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። የራሳቸውን ካርድ አንስተው ገለባብጠው አዩት።

«ስንተኛ ነኝ?»

«አንደኛ ነዎት አባባ።»

«ባለሱቁስ?»

«አራተኛ።»

ፈገግ ብለው ካርዱን አስቀመጡት። በማግስቱ ስልኬ ጮኸ። አባቴ ነበር።

«አማትሽ ትናንት ሲመለሱ በሱቄ በኩል አለፉ። ‹እኔ አንደኛ፣ አንተ አራተኛ› አሉኝ። ምንድን ነው እሱ?»

ለማስረዳት ሞከርኩ። አራተኛ ማለት የቡድኑ ጉልበት ማለት ነው አልኩት።

«አራተኛ አራተኛ ነው፤ ለሒሳብ አስተማሪ ይህ ይነገራታል?» አለና ዘጋው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አባቴ በገበያ ቀን ሱቁን ዘግቶ መጣ። ይህን ያደረገው ለቀብር ካልሆነ በቀር አላስታውስም። አማቴ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ነበር። አባቴ ወንበር ስቦ ከእሳቸው ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ዝናብ ይዘንባል፤ ቆርቆሮው ስለሚጮኽ ስልኩን የልጆቹን ድምፅ ማጉያ ላይ ሰካሁት። አሜሪካዊው ሹፌር በስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠው አየና፣ በአገራችን ታላቅ እንዴት እንደሚከበር ቀድሜ የነገርኩት ትዝ አለው መሰለኝ፣ ከወንበሩ ተነስቶ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። አባቴ መልሶ እጅ ነሳ። አማቴ እጃቸውን አወዛወዙለት።

«የእኔን ማን ነው የሚጥልልኝ?» አለ አባቴ።

«እኔ ነኝ።»

«አይሆንም። የራሴን ራሴ እጥላለሁ።»

አማቴም እንደዚያው አሉ። ዳይሱን አማቴ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አየት አድርገው፣ ቀስ ብለው ትሪው ላይ ለቀቁት። በነፃ ወጡ። መጀመሪያው ማረፊያ ላይ አንድ የቦሎቄ ፍሬ አስቀመጥኩላቸው። አባቴ ተራው ሲደርስ ዳይሱን ትሪው ላይ ወረወረው፤ አንዱ ዘሎ ሶፋው ሥር ገባ። ተፈልጎ ወጣ፣ እንደገና ጣለ። ሳተ። በሚቀጥለው ተራውም ሳተ።

«አንተ ትቸኩላለህ» አሉት አማቴ። «ዝንጀሮው ይቅረብልህ።»

ባለቤቴና እኔ ተያየን። አባቴ ግን ዓይኑን ከትሪው ላይ አላነሳም።

«ዳይስ ነው፤ ምን ዝንጀሮ አለው» አለ በዝቅታ።

ሦስተኛ ተራው ሲደርስ የአማቴ ቦሎቄ እንደገና ማረፊያው ላይ ነበረች። አባቴ በዚህ ጊዜ ዳይሱን ትንሽ ያዝ አደረገው። ከዚያ ጣለ። ካርዱን አየሁ፤ ኳሷ ከሜዳው ውጪ ወጥታለች፤ መቺውም፣ ከፊቱ ያለውም ሁሉ ይገባል። ሹፌሩ በስልኩ ውስጥ ሳቀ፤ እየተሸነፈ ደስ አለው። እኔ ሁለቱን ቦሎቄዎች ማረፊያዎቹን ሁሉ አዙሬ ወደ ቤት መለስኳቸው። አባቴ ወደ አማቴ ዞረ።

«አየህ?» አላቸው። «አንተን ቤት ያስገባሁህ እኔ ነኝ።»

አባቴ ያን ሁሉ ዓመት «እርስዎ» ሲል ኖሮ በአንድ አፍ «አየህ»ም «አንተ»ም አላቸው። አማቴ ምንም የተለየ ነገር አልሰሙም፤ ለእሳቸው ሰው ሁሉ ሲነጋገር እንዲህ ነው።

«እኔ ባልወጣ ማንን ታስገባ ነበር?» አሉት።

አባቴ ዳይሱን ከትሪው አነሳና፣ «እሱም አለ» አለ።

ጨዋታውን አልጨረስነውም፤ ኔትወርኩ ሄደ። በሌላ ቅዳሜ ስንቀጥል ተሸነፍን። የማር ሻጯ ዕድል ጨርሶ ተበላሸ፤ ሹፌሩ ጎረቤቱን የጥርስ ሐኪም አቁሞ ደጋግሞ መታብን። አባቴና አማቴ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሲከራከሩ መሸ፤ አማቴ ያን ቀን እኛው ዘንድ አደሩ።

ከዚያ በኋላ ወዳጅ ሆኑ ብል እዋሻለሁ። ስለ ጾም፣ ስለ መሬት፣ ስለ መንግሥት ተስማምተው አያውቁም። ግን አባቴ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቁን በጊዜ መዝጋት ጀመረ፤ ሰው ሲጠይቀው ጉልበቴን ያመኛል ይላል። አንዱ ሲዘገይ ሌላው «ምነው ቀረ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ያደረገው ጨዋታው ነው ወይስ እርጅናቸው፣ ዛሬም አላውቅም። ምናልባት አብረው የሚቀመጡበት ምክንያት አጥተው ኖረው ይሆናል። ለጨዋታ የመጣ ሰው ለዕርቅ መጣሁ ማለት አይጠበቅበትም።

ከጥቂት ዓመት በኋላ አባቴን ደም ግፊቱ ጣለው። ዳነ፤ ቀኝ እጁ ግን ደከመ። በሆስፒታል ሳለ አማቴ ከጓሯቸው ሙዝ ይዘው መጥተው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ቤቱ ከገባ በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያው ወደ እሱ ይሄዱ ጀመር፤ እኛም ጨዋታውን ወደዚያ ወሰድነው። አባቴ በግራ እጁ ይጥላል።

የአዲሱ ዓመት ውድድር ሲቃረብ ካርዶቹን ማደስ ነበረብኝ። የአባቴን እንዳለ ተውኩት። አንድ ቀን አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ሻይ ሳቀርብለት፣

«ካርዴን አምጪው» አለኝ።

አመጣሁለት። ዝርዝሩን እንዳነብለት ጠየቀኝ፤ አነበብኩለት።

«አሁንም ያን ያህል እመታለሁ ይላል?»

«ይላል አባዬ።»

«ቀንሺው።»

«ጨዋታ እኮ ነው» አልኩት። «ማን ይጎዳበታል?»

«ያ ሰውዬ» አለ፤ ሹፌሩን ማለቱ ነው። «ባሕር ማዶ ሆኖ ዳይሳችንን ሳያይ ያምነናል። እጄ እንደዚያ አይደለም። ቀንሺው።»

ለማስተካከል እስክሪብቶ አነሳሁ። እሱ እስክጨርስ ሻዩን እየጠጣ ጠበቀ። ደንቡ ከአንዱ ሲቀነስ ለሌላው መጨመር ስለሚፈቅድ፣ ከጉልበቱ የወሰድኩትን ለትዕግሥቱ ሰጠሁት፤ እንዲያይም አሳየሁት። ከስድስተኛ በታች እንዳላወርደው ብቻ ለመነኝ። ስድስተኛ አደረግሁት። ለሹፌሩ ስጽፍለት፣ በማኅበሩ ውስጥ ሰው ሁሉ የወዳጁን ካርድ ሲያሳድግ እንጂ ሲቀንስ አይቶ እንደማያውቅ መለሰልኝ፤ አባቴን ሰላም እንድልለትም አደራ አለኝ።

«አማትሽስ?» አለኝ አባቴ ካርዱን ሲመልስልኝ። «የእሱን ነክተሽበታል?»

«የእሳቸውን አልነካሁም።»

«አትንኪው» አለ። «እሱ እንዳለ ነው።»