የአባቴ ጉልበትና የካልሲየም በሮች

ያ ክረምት ትዝ ባለኝ ቁጥር ያየሁት ነው ወይስ ያለምሁት እያልሁ እጠራጠራለሁ። ከቡሬ ወጣ ያለው ቀያችን ጉም ውስጥ ሰጥሞ፣ አባቴ መደብ ላይ ተቀምጦ የከዳውን ጉልበቱን ሲያሽ ይታየኛል።

እኛ ዘንድ ሰው ሲገባ ብድግ ብሎ «ኖር!» ያላለ አባወራ እንግዳውን ንቋል ማለት ነው። እህቴን ለልጃቸው ሊለምኑ የመጡት ሽማግሎች በሩ ላይ ሲቆሙ አባቴ ሊነሣ ሞከረ፤ አልቻለም። ተቀምጦ «ኖር» ሲላቸው ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። ለኩርፊያ የሚጣደፍ ሽማግሌ እስከ ዛሬ አልወድም! እህቴ ጓሮ ገብታ ስታለቅስ ዋለች።

«መታመምዎን እንንገራቸው» አልሁት።

«ተይ ልጄ፣ ‹በዘራቸው በሽታ አለ› ብለው ጭራሽ ይተዋታል።»

አዲስ አበባ አሳክሜው ስንመለስ ሐኪሙ ያለኝን በመስኖ አስመስዬ አስረዳሁት፤ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ሕይወት ነበር የምማረው። ነርቭ ጡንቻን «ተነሥ» ሊል የሚችለው ጫፉ ላይ ባሉት ትንንሽ በሮች ካልሲየም ሲገባለት ነው። በሮቹን የመስኖ ውኃ በተራ እንደሚያከፋፍል የውኃ አባት የሚቆጣጠሩ ፕሮቲኖች አሉ፤ አንዳንዱ በደንብ ያስከፍታል፣ አንዳንዱ ቶሎ ያዘጋል። የአባቴ ሰውነት ግን በስሕተት በሮቹን የሚያጠቁ ሌሎች ፕሮቲኖች አመረተ። ያም ሆኖ ትእዛዙ ሲደጋገም ጥቂት ጥቂት የገባው ካልሲየም ይጠራቀምና ጉልበት ለአፍታ ይመለሳል።

«እንግዲያ ደጋግሜ ልዘዘዋ!» አለ።

ከመስቀል በኋላ፣ ሽማግሌ የላከው ልጅ «ከእሷ ሌላ አላገባም» ስላለ ሽማግሎቹ ተመለሱ። ውሻው ገና ሲጮህ አባቴ ምሰሶውን ይዞ ብድግ ቁጭ፣ ብድግ ቁጭ ይል ጀመር። የጧት ፀሐይ በበሩ ገብታ ቤቱን ስትሞላው፣ በዚያ ብርሃን መካከል አባቴ «ኖር!» ብሎ ተነሣ። ደስታዬ ወሰን አጣ።

ሽማግሌ የለመነው ሳይፈቀድለት አይቀመጥም። አባቴም አልተቀመጠም፤ ከተቀመጠ እነሱን ለመሸኘት እንኳ መነሣቱን እንጃ።

«ይቀመጡ እንጂ» ይሉታል።

«እናንተ ቆማችሁ?» ይላቸዋል።

የሽማግሎቹ ንግግር ረዘመ። የአባቴ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

«ልጄን ሰጥቻለሁ» አለ ድንገት አቋርጧቸው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አሁን አስቀምጡኝ» አላቸው።

ሽማግሎቹ ተያዩ። ትልቁ ሽማግሌ ዱላቸውን ጥለው በብብቱ ሥር ገብተው ደገፉት፤ እሱን አስቀምጠው ነው እነሱ የተቀመጡት።