የአባቴ የቀን ዕቅድ

እናታችን ካረፈች በኋላ አባቴን ከቤተ ልሔም ደብር አምጥቼ ንፋስ መውጫ እኔ ቤት አኖርኳቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። የአካባቢው ሰው ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ መቼ እንደሚውል የሚጠይቀው እሳቸውን ነበር፤ ወረቀት ሳይዙ በጣታቸው አንጓ ቆጥረው ይናገራሉ። እኔ ጋ ሲመጡ ግን ቁርስ መብላታቸውን እንኳ መርሳት ጀምረው ነበር። የደም ግፊት ክኒናቸውን አንድ ቀን ሁለቴ ይውጣሉ፤ ከዚያ ሦስት ቀን ይተዉታል።

እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ጠዋት ገብቼ ምሳ ሰዓት ላይ ስብሰባ ካልተጠራ ወደ ቤት እመጣለሁ፤ ስብሰባ የማይጠራበት ቀን ግን ጥቂት ነበር። ቀን ቤት የሚውል ሌላ ሰው የለንም። በሩን ዘግቼባቸው ልሂድ ብዬ አንድ ጊዜ ቁልፉን በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ። አልቻልኩም።

ወንድሜ ባሕር ዳር የኮምፒውተር ሥራ ይሠራል። ለእናታችን ሙት ዓመት ሲመጣ ለአባቴ ስማርት ስልክ ይዞላቸው መጣ፤ ያን ጊዜ በእኛ ከተማ ገና ብርቅ ነበር። ስልኩ ላይ የቀን ዕቅድ የሚያዝበት አፕሊኬሽን ጭኖበታል። የሚሠራውን ነገር ከነሰዓቱ ስንጽፍለት ሰዓቱ ሲደርስ ይጮኻል፤ ሥራው ሲያልቅ ነካ ሲያደርጉት አረንጓዴ ይሆናል፤ ካልተነካ ይቀላል። አባቴ ስልክ ላይ ያለው በእኔም፣ ባሕር ዳር ባለው በወንድሜም ስልክ ላይ ይታያል፤ ከሦስታችንም ስልክ መንካት ይቻላል።

«አንድ ወር ሞክሪውና ይሠራ እንደሆነ ገምግመሽ ንገሪኝ» አለኝ። «ከሠራ እዚሁ ይቀመጣሉ። ካልሠራ እኔ እወስዳቸዋለሁ።»

«የባሕር ዳርን ሙቀት አይችሉትም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል ትያለሽ?»

ስልኩን ተቀበልኩት።

የመጀመሪያው ስህተት የእኔ ነበር። ምሳ ስድስት ሰዓት ብዬ ጻፍኩ። ስልኩ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ሊነጋጋ ሲል ጮኸ። ከመኝታዬ ስነሣ አባቴ እጃቸውን ታጥበው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል።

«ምሳ ይላል» አሉኝ ስልኩን እያሳዩኝ።

«አባባ፣ ገና እየነጋ ነው።»

«እንግዲያ ለምን ጠራኝ?»

ሰዓቱን አስተካከልኩ። ረቡዕ ደግሞ ምሳውን በስድስት ሰዓት አሳያቸው፤ አነበቡና «ይኼ ነገር አይጾምም እንዴ?» አሉ። ረቡዕ መሆኑን አልረሱም። ደስ አለኝ። ማምሻውን ግን እናቴ ከገበያ ለምን እንደዘገየች ጠየቁኝ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር አረንጓዴ መሆን ጀመረ። ክኒን፣ ምሳ፣ ግቢ ውስጥ ፀሐይ መሞቅ፣ ሁሉም። ቢሮ ሆኜ ስልኬን አየዋለሁ፤ ልቤ ያርፋል። ወንድሜም ይደውልና «አላልኩሽም?» ይለኛል። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ የክኒኑን ዕቃ ከፍቼ ብቆጥር አንድም አልጎደለም። በማግሥቱ ቅዳሜ ስለነበር ጓዳ ሆኜ ጠበቅኋቸው። ስልኩ ጮኸ። አባቴ አነሡና ጆሯቸው ላይ አደረጉት።

«አቤት» አሉ። ጠበቁ። «አቤት፣ እየሰማሁ ነው።» የሰው ድምፅ ሲያጡ መስተዋቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት፤ በእኔ ስልክ ላይ አረንጓዴ ሆነ። ዝም አለ። ስልኩን መልሰው አስቀመጡና፣ «ማን እንደሆነ እንጃ፣ ደውሎ ዝም ይላል» አሉኝ።

ያን ዕለት ለወንድሜ ደውዬ መንገር ነበረብኝ። አልነገርኩትም። ክኒኑን ጠዋት ከቢሮ በፊት በእጄ ላጎርሳቸው ወሰንኩ፤ ሌላውን ለእግዚአብሔር ተውኩት። ከዚያ ወዲያ ግን ስልኩ ሲጮህ አያነሡትም ነበርና በእኔ ስልክ ላይ ይቀላ ጀመር። ወንድሜ ደወለ። «ዛሬ ሦስቱም ቀርተዋል፤ ምን ሆናችሁ?» መብራት ጠፍቶ ነው አልኩት። በማግሥቱ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ምሳ የሚለው ሲቀላ አየሁ፤ ከጠረጴዛው ሥር በራሴ ጣት አረንጓዴ አደረግሁት። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። ወሩ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው ከእኔ ጣት በቀር የሚነካው አልነበረም።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ቢሮዬ ድረስ መጣች። ነጠላዋን እንኳ በደንብ አልለበሰችም።

«አባትሽ የሉም» አለችኝ። «በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።»

ፀሐይ መሞቅ የሚለውን ከነካሁት ገና ግማሽ ሰዓት አልሆነም ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጥን፣ የሉም። ገበያው ጋ የሉም። አንዱ የባጃጅ ሹፌር ጥምጥም ያደረጉ ሽማግሌ በመናኸሪያው በኩል ሲሄዱ አይቻለሁ አለን። ሄድን። ሚኒባሶቹ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ጫማ እግራቸው ላይ የለም። እግራቸው ደምቷል።

«አባባ፣ የት ሊሄዱ ነው?»

«ተማሪዎቹ ይጠብቁኛል፤ ረፍዷል» አሉኝ። «ሰዎቹ ግን አናሳፍርም አሉኝ። አንቺ ታውቂያቸዋለሽ? ንገሪልኝ እስቲ።»

እግራቸውን በነጠላዬ ጠረግኩላቸው። ልንገር ብልስ ለማን ልንገር?

ወንድሜ በማግሥቱ መጣ። መጀመሪያ የከፈተው የአባቴን ስልክ ነው።

«ይኼው ግቢ ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ ነበር ይላል» አለኝ። «ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ የነካሁት። ቢሮ ሆኜ።»

«ሌሎቹንስ?»

«እነሱንም።»

ስልኩን መደቡ ላይ አስቀመጠው። «ለምን?» አለኝ፣ ድምፁን ሳያነሣ።

«ትወስዳቸዋለህ ብዬ።»

አባቴ ከመደቡ ላይ ሆነው ሲያዩን ቆዩና ወደ እኔ ዘወር አሉ። «እንግዳው ምሳ በልቷል?» አሉኝ።

«አባባ፣ እኔ ነኝ እኮ» አላቸው ወንድሜ።

«እሺ፣ ደህና ሰው ነህ። ተቀመጥ» አሉት።

ወንድሜ ተቀመጠ፤ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። እንጀራ አቀረብኩ። አባቴ ባርከው ጎረሱና በእጃቸው ለወንድሜ አጎረሱት።

ሰኞ ዕለት ይዟቸው ሄደ። ከመኪናው ውስጥ ሆነው «አንቺስ አትመጪም?» ሲሉኝ ሥራ አለብኝ አልኳቸው፤ እውነቱም እሱ ነበር።

ባሕር ዳር ከገቡ በሦስተኛው ወር ወንድሜ ከሥራ ቦታው ደወለልኝ። የቀጠራት ሠራተኛ አልችልም ብላ ወጥታለች። አባቴ ምግብ ቀንሰዋል፤ ቀኑን ሙሉ ጋቢያቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ይቆማሉ።

«ምን ላድርግ?» አለኝ።

ከመዝገቦቹ መካከል ቆሜ ነበር። የያዝኩትን መዝገብ መደርደሪያው ላይ መለስኩት፤ እሱ ስልኩን አልዘጋውም።

«ሙቀቱ ሳይበረታ ጠዋት ጠዋት አስወጣቸው» አልኩት።

«እሺ» አለኝ።