የአባ ነጃት ፓራውልት

የሚበየድ ብረትና የሚቃጠል ቀለም አንድ ላይ ሲሸቱ ምላስ ሥር የሚቀር ጣፋጭነት አላቸው፤ ውሃ ቢጠጡበትም ቶሎ አይለቅም። በቀደም ልጄ ለመስክ መኪናው ከውጭ የመጣ የፊት ፓራውልት፣ ያንን ግጭት የሚመክት ብረት፣ ሊያስገጥም ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ወዳለ ጋራዥ ሲሄድ አብሬው ነበርኩ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ሊያደርሰኝ ነበር ሐሳባችን። ሥራው ግን ረዘመ። አሮጌው ፓራውልት በቶሎ ወረደ፤ አዲሱ ከሻንሲው ጋር አልገጥም አለና በአንድ በኩል መያዣ መበየድ አስፈለገ። በያጁ መከላከያውን ፊቱ ላይ አወረደ። ሽታው መጣ። ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ አደረግሁና አባ ነጃትን አየኋቸው።

አየኋቸው ስል በሐሳቤ ነው። ከሞቱ ቆይተዋል።

«እማዬ፣ አመመሽ እንዴ?» አለኝ ልጄ።

«ደህና ነኝ። አንተ ሥራህን ተመልከት» አልኩት።

አባ ነጃት ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን የነበሩ በያጅ ናቸው። በጅማ ልማድ ሰው በበኩር ልጁ ስም ይጠራል፤ የነጃት አባት ስለሆኑ አባ ነጃት ተባሉ። የራሳቸውን ስም የሚያነሳ ሰው በሰፈሩ አልነበረም፤ እኔም እስከ ዛሬ አላውቀውም። አባቴን ደግሞ አባ ሰናይት ይሉት ነበር። ሰናይት እኔ ነኝ። አባቴ ከመንዝ የመጣ ሰው ስለሆነ መጀመሪያ አልወደደውም።

«እኔ የራሴ ስም አለኝ እኮ!» ይላቸዋል።

«ስምህን ማን ወሰደብህ? እሱን አባትህ ሰጠህ፤ ይሄን ደግሞ ልጅህ ሰጠችህ። ሁለት ስም ያለው ሰው ይከፋዋል እንዴ?» ይሉና ይስቃሉ። ሲስቁ የፊት ጥርሳቸው ፍንጭት ይታያል። ነጃትም ያው ፍንጭት ነበራት።

የሚሠሩት ከእኛ አጥር ጀርባ በቆርቆሮ በተከለለች ጥግ ነበር። ክረምት ሲሆን ቀዩ ጭቃ እስከ ደጃፉ ይደርሳል። ቡና ሲደርስ ደግሞ ከአጠገቡ ካለው መጋዘን የጀንፈል፣ ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና፣ ሽታ እየገባ ከብረቱ ሽታ ጋር ይደባለቃል። አንዲት ባለ ሦስት እግር በርጩማ ነበረቻቸው፤ ከተቀመጡባት ብዛት መሐሏ እንደ ሳህን ጎድጉዷል። ቡሎኖቻቸውን በዱቄት ወተት ጣሳ፣ በዘይት ዘፍዝፈው ያስቀምጣሉ። የብየዳ መከላከያቸውን ከካርቶንና ከጥቁር መስታወት የሠሩት ራሳቸው ናቸው።

ሥራቸው በአብዛኛው ፓራውልት ነበር። ወደ አጋሮና ከዚያ ወዲያ ወዳሉት የቡና ቀበሌዎች የሚገቡ መኪኖች ከፋብሪካ ይዘውት የወጡት ፓራውልት ክረምቱን አይሻገርም፤ ጉቶ ያጣምመዋል፣ የመንገዱ ዳርቻ ይገሽልጠዋል። እሳቸው ከወፍራም ብረት ሌላ ይሠሩለታል። ከመበየዳቸው በፊት የባትሪውን ገመድ ይፈታሉ፤ በነዳጁ በኩል እርጥብ ጆንያ ይጋርዳሉ፤ «ቢስሚላህ» ብለው ይጀምራሉ። እሳቱን በቀጥታ ማየት ክልክል ስለነበር እኔና ነጃት ጀርባችንን ሰጥተን ግድግዳው ላይ የሚጨፍረውን ሰማያዊ ብርሃንና የሁለታችንን ጥላ እናያለን።

ይበልጥ የታወቁት ግን በኋለኛው ፓራውልታቸው ነው። ሰፊና ጠፍጣፋ፣ እግር እንዳያዳልጥ ላዩ ሸካራ ላሜራ የለበሰ ነበር። በለቀማ ጊዜ መኪና ውስጥ ቦታ ያጡ ቡና ለቃሚዎች እዚያ ላይ ቆመው፣ ትርፍ ጎማውን አቅፈው ይሄዳሉ። ባለመኪኖች ይህንን ፍለጋ ከአሰንዳቦ ድረስ ይመጡ ነበር። አባቴም ለቃሚ ለሚያመላልስበት አሮጌ ጂፕ እንዲሁ ሠሩለት።

«ይሄ ፓራውልት ነው በረንዳ?» አለ አባቴ፣ ዞሮ ዞሮ እያየ።

«በረንዳ ያለው ቤት እንግዳ አያጣም፣ አባ ሰናይት።»

መጨረሻ ላይ ፍተሻ አለ። ቡሎኑ ሁሉ ከጠበቀ በኋላ «ኮቱ! ነዪ፣ ነጃት!» ብለው ይጣራሉ። ነጃት ኮንጎ ጫማዋን አውልቃ ፓራውልቱ ላይ ትወጣና ትዘላለች። አባቷ መሬት ላይ ተንበርክከው ጆሯቸውን ወደ ሻንሲው ያስጠጋሉ። ብረቱ ካልተንኳኳ ሥራው አለቀ ማለት ነው።

«አባ፣ ከብጄ የለ?» ትላለች ከላይ ሆና።

«በጣም! ይቺን ፌንጣ የቻለ አገር ይችላል።»

እኛ ልጆችም ያንን በረንዳ ወደድነው። ትምህርት ቤታችን ከረጅም ዳገት በላይ ነበር። መኪና ዳገቱ ላይ ሲያዘግም ከኋላ ሮጠን እንሰቀላለን፤ ሹፌሩ አያየንም። አንድ ቀን አባ ነጃት ደረሱብን። የነጃትን ጆሮ ቆነጠጡ፤ እኔን ግን በዓይናቸው ብቻ ነው የገረፉኝ። «ሁለተኛ እንዳላይ!» አሉ።

አላዩም።

ለመጨረሻ ጊዜ የተሰቀልንበት መኪና የአንድ የአጋሮ ቡና ነጋዴ ነበር፤ ፓራውልቱ የአባ ነጃት ሥራ ነው። ጠዋት ነበር፣ ያካፋል። ነጃት ስለ ሒሳብ የቤት ሥራዋ እያወራችኝ ነበር። ዳገቱ ሲያልቅ መኪናው ጉድጓድ ዘለለና ፍጥነት ጨመረ። ነጃት ከጎኔ ነበረች፤ ከዚያ አልነበረችም።

እጄ ጎማውን አልለቀቀም። መኪናው ሲቆም ጣቶቼን ያላቀቁት ሰዎች ናቸው።

በዚያው ቀን ቀበሯት። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ አባቴ ነበር። እናቴ ከሴቶቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች፤ እኔን ከጉልበቷ አላራቀችኝም። አላለቀስኩም። «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» ይሉኝ ነበር። የሚወጣ ነገር አጣሁ። ሲሰጡኝ እበላለሁ፤ ተኚ ሲሉኝ እተኛለሁ። እናቴ ጠዋት ጠዋት ፊቴን በጸበል ታብሰኛለች፤ ውሃው ቀዝቃዛ መሆኑን የማውቀው የእሷ እጅ ሲቀላ አይቼ ነው።

ሐዘኑ ሲያበቃ አባ ነጃት ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ አዲስ ሥራ ግን አልተቀበሉም። ከዚህ በፊት የሠሯቸውን የኋላ ፓራውልቶች ፍለጋ ወጡ። መጀመሪያ አጋሮ ሄደው የነጋዴውን ፈቱ። ከዚያ አሰንዳቦ ወረዱ። ጠፍጣፋውን ላሜራ ይቆርጡና በምትኩ እንደ ቤት ክዳን ያዘቀዘቀ፣ ልሙጥ ብረት ይበይዳሉ። ዋጋ አይጠይቁም። ባለመኪኖቹ አዘኑላቸው፤ እምቢ ያለ አልነበረም። የእኛን መጨረሻ ያደረጉት ለምን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት አባቴን ስለሚያውቁት ይሆናል።

የመጡት ለቀማው በጋለበት ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ ነው። አባቴ ጂፑ ሥር ቁጢጥ ብሎ ጎማ ይፈትሻል። የመሣሪያ ሳጥናቸውን አጠገቡ አስቀመጡ።

«አባ ሰናይት፣ ማሎ፣ ልፍታው» አሉ። ማሎ በኦሮምኛ እባክህ ማለት ነው። ከአባቴ ጋር አማርኛ ነበር የሚያወሩት፤ ሲለምኑ ግን ወደ እናታቸው ቋንቋ ይሄዳሉ።

አባቴ ቀና አላለም። «ወቅቱ ይለፍ።»

«ሰው የሚሰቀለው በወቅቱ ነው።»

«አባ ነጃት፣ ሐዘንህ ሐዘኔ ነው። በዚህ ትከሻዬ ነው የሸኘኋት። ግን ያ ላሜራ የልጆቼ እንጀራ ነው። ሰው ካልቆመበት በምን አሳድራቸዋለሁ?»

«ልጆች ይሰቀሉበታል።»

«እከለክላለኋ!»

«እኔም ከልክዬ ነበር።»

አባቴ ብድግ አለ። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ወደ ቤት ገባ። አባ ነጃት አልሄዱም፤ ሳጥናቸው ላይ ተቀመጡ። እናቴ ሻይ ወሰደችላቸው። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቆይተው ብርጭቆውን በር ላይ አስቀምጠው ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት አባቴ መኪናውን ሊያስነሳ ሲወጣ እዚያው አገኛቸው።

«ዛሬም?» አለ።

«ዛሬም።»

«እንደ ዋርካ ተተከልክብኝ እኮ!»

«ዋርካስ ጥላ አለው። እኔ ምን አለኝ?»

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «የሰናይት አባት፣ እንጀራ የሚሰጥ እግዚአብሔር ነው» አለች። ብዙ የምትናገር ሴት አልነበረችም፤ ይህንንም ያለችው ወደ መሬት እያየች ነው።

አባቴ ሊመልስላት አፉን ሲከፍት በመንገዱ ላይ አንድ ባለጋሪ አለፈ። አለንጋውን ከፍ አድርጎ «አባ ነጃት! አሰላሙ አለይኩም!» አለ። «ወአለይኩም ሰላም» ብለው መለሱለት። ጋሪው እስኪርቅ ጠበቁና ወደ አባቴ ዞሩ።

«ሰማኸው?» አሉ። «ቀኑን ሙሉ እንዲህ ይጠሩኛል። ሌላ ስም የለኝም። በጠሩኝ ቁጥር ከኋላዬ የምትመጣ እየመሰለኝ እዞራለሁ። አንተ አባ ሰናይት ሲሉህ ልጅህ ከጓዳ አለች። እንደዚያው እንድትሆን ነው የምለምንህ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

አባቴ አየኝ። ቦርሳዬን አንግቼ ከእናቴ ጎን ቆሜ ነበር። ጆንያ አንጥፎ ጂፑ ሥር በጀርባው ገባና ቡሎኖቹን እሱ ራሱ መፍታት ጀመረ። ዝገዋል፤ አባ ነጃት ናፍጣ አፈሰሱባቸው። ሁለቱ ሰዎች እስኪረፋፍድ ድረስ ሠሩ፤ የሚሰማው የመዶሻና የትንፋሽ ድምፅ ብቻ ነበር። እናቴ ያን ቀን ትምህርት ቤት አልላከችኝም። ብየዳው ሲጀመር ፊቴን አዞረችው። ሰማያዊው ብርሃን ግድግዳው ላይ መጣ፤ ጥላዬ ብቻውን ነበር።

ብረቱ ሲቀዘቅዝ፣ ፓራውልቱም ተመልሶ ሲታሰር፣ አባ ነጃት ወደ እኔ ዞሩ።

«ኮቱ፣ ሰናይት» አሉ።

እናቴ ትከሻዬን ጭምቅ አደረገችኝ።

«ግድ የለሽም፣ ትምጣ» አሏት።

ጫማዬን አወለቅሁ። «ቁሚበት» አሉኝ። እግሬን አስቀመጥኩ፤ ተንሸራተተ። «ጎማውን ይዘሽ ሞክሪ።» ይዤ ሞከርኩ። ሁለቱም እግሮቼ ከዱኝና በጉልበቴ ጠጠር ላይ ወደቅሁ። አባቴ ሊያነሳኝ ሲመጣ በእጃቸው አገዱት።

«የእውነትሽን ነው የሞከርሽው?»

«አዎ። አልቻልኩም፣ አባ ነጃት። እግር አያስቆምም።»

እንደ ልማዳቸው መሬት ላይ ተንበርክከው ነበር። «አልሐምዱሊላህ» አሉና ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ጉልበቴ ተልጦ ደም ወጥቶታል፤ ያመኝ ነበር። ነጃት ከወደቀችበት ጠዋት ወዲህ ያመመኝ የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው።

የዚያ ዓመት ለቀማ ለቤታችን ቀጭን ሆነ። ግን እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጦም አላደርንም። አባቴ ስለ ላሜራው አንድ ቀን እንኳ አላነሳም። አባ ሰናይት ብለው ሲጠሩት ግን ከዚያ በኋላ ቶሎ «አቤት» ይላል። አባ ነጃት ሌላ ልጅ አልወለዱም። የሞቱት እኔ ሁለተኛ ልጄን ባረገዝኩበት ዓመት ነው። ቆርቆሮው ተነቀለ፤ ቦታው ላይ አሁን ሱቅ አለ። ምንም ትተው አልሄዱም የሚሉ ሰዎች ነበሩ።

እኔ የተዉትን አይቻለሁ። ፓራውልቱ በተቀየረ በማግስቱ ልጆቹ ዳገቱ ሥር ቆመው መኪና ይጠብቁ ነበር፤ ልጅ ቶሎ ይረሳል። የአባቴ ጂፕ እያቃሰተ አለፈ። እኔ አልሮጥኩም፤ እነሱ ሮጡ። እጃቸው ጎማውን ያዘ፣ እግራቸው ግን የሚቆምበት አጣ። ከኋላ የአጋሮው ነጋዴ መኪና መጣ፤ እሱም እንደዚያው። ተሳደቡ፣ ተሳሳቁ፣ የተንሸራተተውን በሌላው ላይ ገፈተሩ። ከዚያ ቦርሳችንን አንግተን ዳገቱን በእግራችን ወጣነው። ጭቃው ከባድ ነበር። ደወሉ አመለጠን፤ መምህሩም በር ላይ አቁመው ተቆጡን። ሁላችንም ደርሰን ነበር።